ኤን.ኤም.አር. ስፔክትሮስኮፒ ምንድን ነው?

ኤን.ኤም.አር. (የኒውክለስ ማግኔታዊ ሬዞናንስ) ስፔክትሮስኮፒ ሞለኪውልን ሳይሰባብሩ፣ በውስጡ ያሉት አቶሞች እንዴት እንደተያያዙና አጠገባቸው ምን እንዳለ በመግነጢሳዊ መስክና በሬዲዮ ሞገድ የሚመረምሩበት ዘዴ ነው። በየሆስፒታሉ የምናውቀው ኤም.አር.አይ. የቆመውም በዚሁ መርህ ላይ ነው፤ አንዱ የሰውነትን ምስል ያወጣል፣ ሌላው የሞለኪውልን አወቃቀር ይገልጣል።

የሃይድሮጅን ኒውክለስ ማግኔታዊ ባሕርይ አለው። በኃይለኛ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲገባ ሁለት የኃይል ደረጃዎች ይኖሩታል፤ የሁለቱን ልዩነት በትክክል የሚያክል ኃይል ያለው የሬዲዮ ሞገድ ሲደርሰው ሞገዱን ይውጥና ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ለኬሚስት ዋናው ቁም ነገር ግን የሚዋጠው ሞገድ ድግግሞሽ ለሁሉም ሃይድሮጅን አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በኒውክለሱ ዙሪያ ያሉት ኤሌክትሮኖች መስኩን በከፊል ስለሚከላከሉለት፣ ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ከሚስበው ኦክስጅን አጠገብ ያለ ሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ርቆ የተቀመጠ ሃይድሮጅን የተለያየ ቦታ ላይ ምልክት ይሰጣሉ። ልዩነቱ ከሚሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ በመሆኑ መስኩ በናሙናው ሁሉ ፍጹም እኩል መሆን ይኖርበታል፤ የመሣሪያው ውድነት በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

ክስተቱን እ.ኤ.አ. በ1946 ይፋ ያደረጉት ፊዚሲስቶቹ ብሎክና ፐርሰል፣ በ1952 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ዘርፍ ፊዚክስ ነው። በ1950 ፕሮክተርና ዩ የናይትሮጅንን ማግኔታዊ መጠን ለመለካት አሞኒየም ናይትሬትን ቢመረምሩ አንድ ምልክት ሲጠብቁ ሁለት አገኙ፤ በውስጡ ያሉት ሁለት ናይትሮጅኖች አካባቢያቸው የተለያየ ነውና። የኒውክለስን ማግኔታዊ መጠን በትክክል ለሚፈልግ ፊዚሲስት ይህ እንቅፋት ነበር፤ ለኬሚስቱ ግን ሲሳይ ሆነ። በ1951 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አርኖልድ፣ ድሃርማቲና ፓካርድ አረቄን አስካሪ የሚያደርገውን ኢታኖልን ሲመረምሩ ሦስት ምልክቶች አዩ፤ የምልክቶቹ የወለል ስፋት ንጽጽር 3፣ 2 እና 1 ሲሆን፣ በቅደም ተከተል የሦስቱን፣ የሁለቱንና ከኦክስጅን ጋር የተያያዘውን የአንዱን ሃይድሮጅን ቁጥር ያሳያል። መሣሪያው ሲሻሻል የሁለቱ ሃይድሮጅን ምልክት በአራት፣ የሦስቱ ደግሞ በሦስት ተሰነጣጠቀ፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ቡድን ምልክት በጎረቤቱ ባሉት ሃይድሮጅኖች ቁጥር ላይ አንድ ተጨምሮ ይከፋፈላል። ስለዚህ ስፔክትረሙን፣ ማለትም ምልክቶቹ በየቦታቸው የሚታዩበትን ንድፍ፣ ያነበበ ሰው የትኛው ቡድን ከየትኛው ጋር እንደተጎራበተ ያውቃል።

ዘዴውን ወደ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ካስገቡት ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ጆን ዲ. ሮበርትስ (1918–2016) ናቸው። የእርሳቸውን የምርምር ሕይወት መመልከት የዘዴውን ጥቅም ከማንኛውም ትርጓሜ በላይ ያስረዳል። በ1953 ይፋ ባደረጉት ሥራ ክሎሮቤንዚን (ክሎሪን የተያያዘበት የካርቦን ቀለበት) ከፖታስየም አማይድ ጋር ሲገናኝ፣ ክሎሪኑ በናይትሮጅን ተተክቶ፣ አኒሊን የሚሆነው በምን መንገድ እንደሆነ ለማወቅ ሲሉ፣ ክሎሪን የያዘውን ካርቦን በራዲዮአክቲቭ ካርቦን-14 ምልክት አደረጉበት። ምልክቱ የት እንደደረሰ ለማወቅ ግን ውጤቱን በተከታታይ ኬሚካዊ አጸግብሮቶች መሰባበርና የስብርባሪዎቹን ራዲዮአክቲቭነት መለካት ግድ ነበር። ናይትሮጅኑ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ምልክት ባለበት ካርቦን፣ ግማሽ ያህሉን ደግሞ በአጠገቡ ባለው ላይ ተገኘ፤ ሁለቱ ካርቦኖች እኩል የሚሆኑበት፣ ቤንዛይን የተባለ አላፊ ሞለኪውል መኖሩ የታወቀው በዚህ አድካሚ መንገድ ነው።

በዚያው ዓመት ሮበርትስ ከኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ወደ ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ ዶሮቲ ሴሜኖው የካልቴክ የመጀመሪያዋ ሴት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሆና ተከተለቻቸው። በ1955 ካልቴክ በ40 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ቫሪያን የተባለው ኩባንያ የሠራውን የኤን.ኤም.አር. መሣሪያ ገዛ፤ ለዩኒቨርሲቲ ከተሸጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ የአወቃቀር ጥያቄዎች በጠባብ የመስታወት ቱቦ ውስጥ በሟሟ ናሙና የሚመለሱ ሆኑ፤ ናሙናውም ሳይበላሽ ይመለሳል።

ቀጣዩ ፈተና ካርቦን ነበር። የተለመደው ካርቦን-12 በዚህ ዘዴ ምንም ምልክት አይሰጥም፤ ምልክት የሚሰጠው ካርቦን-13 ደግሞ ከተፈጥሮ ካርቦን 1.1 በመቶ ብቻ ነው። የሮበርትስ ቡድን ደካማውን ምልክት ደጋግሞ በመለካትና ውጤቱን በመደመር፣ በ1969 ኮሌስትሮልን ጨምሮ የስቴሮይዶችን የካርቦን-13 ስፔክትረም አሳተመ።

ናይትሮጅን-15 ከዚህም የባሰ ነው፤ ድርሻው 0.37 በመቶ ገደማ ነው። ሮበርትስ ከተመራማሪው ባቾቭቺን ጋር በ1978 ባሳተሙት ጥናት ኢንዛይም የሚሠራ ባክቴሪያ በናይትሮጅን-15 የበለጸገ ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) እንዲመገብ አድርገው፣ ፕሮቲን በሚቆርጠው ኢንዛይም እምብርት ላይ ያለው ያ ናይትሮጅን ምን እንደሚያደርግ በቀጥታ ተመለከቱ። በወቅቱ ኢንዛይሙ ሲሠራ ፕሮቶኑን (የሃይድሮጅን ኒውክለሱን) የሚቀበለው አስፓርቲክ አሲድ የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ስፔክትረሙ ግን ተቀባዩ ሂስቲዲን መሆኑን አሳየ።