የወሊድ አገልግሎትና የክልሎች ልዩነት በኢትዮጵያ

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የተከናወነው አዲስ አበባ ላይ 97፣ ኦሮሚያ 19፣ ሶማሌ 18፣ አፋር 15 ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናትም በአዲስ አበባ ከ1,000 39፣ በአፋር 125 ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የአገሪቱ የተቋም ወሊድ ከ26 ወደ 48 በመቶ ከፍ ሲል ሶማሌ ከ23 አላለፈም። የክልል አማካይም ቢሆን ያታልላል፦ የባሕር ዳር ነፍሰ ጡርና የዋግ ኽምራ ተራራ ላይ ያለችው በአንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ነው። ድሃዋን የሚያስቀራት መንገዱ፣ የአስታማሚው ስንቅና ቤት የሚቀሩት ልጆች ናቸው። አምቡላንስ የማይገባበት ቀበሌ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዛ አስፋልት ድረስ ትወርዳለች፤ ክረምት ላይ ወንዝ ከሞላ ደግሞ ውሃው እስኪጎድል ትጠብቃለች።

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ለ5,000 ሰው አንድ ጤና ኬላና ሁለት ባለሙያ፣ ለ25,000 ሰው አንድ ጤና ጣቢያ ይመድባል። ስሌቱ አንድ ቦታ ለረጋ ገበሬ የሚመች ነው። አርብቶ አደሩ ግጦሽና ውሃ ተከትሎ ሲሄድ ኬላው ባለበት ይቀራል፤ በአፋርና በሶማሌ ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድኖች የተጀመሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ለሩቅ ነዋሪዎች የተገኘው አንዱ መላ የእናቶች ማቆያ ነው። በጉራጌ አጣጥ ሆስፒታል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሠራበታል። እናቲቱ መውለጃዋ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ገብታ ከጤና ተቋሙ አጠገብ ትቆያለች። ማቆያው አልጋ፣ ማብሰያ፣ ውሃና ሽንት ቤት ያስፈልገዋል፤ እህሉን በብዙ ቦታ ኅብረተሰቡ ያዋጣል። እህሉ ሲያልቅ ወይም ውሃ ሲጠፋ ሴቶቹ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሌላው ችግር የቀን ስሌት ነው። ብዙዎች የመጨረሻ የወር አበባቸውን የሚያስታውሱት «ከጥምቀት ወዲህ አላየሁም» ብለው ነው። አዋላጇ የእርግዝናውን ሳምንት ለመገመት የማሕፀኑን ከፍታ በሜትር ብትለካም፣ ምርመራው ዘግይቶ ከተጀመረ በሳምንታት ልትሳሳት ትችላለች። ቀኑ አለፈ ብላ ተስፋ ቆርጣ የወጣች እናት መንገድ ላይ ወይም ቤቷ ምጥ ይይዛታል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ይህን ለመከላከል ልጁ በወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማሕፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት የእናቲቱ ጭን ላይ ይወጋል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ ኃይሉ ይደክማል፤ አምፑሉን በዓይን አይቶ ግን መለየት አይቻልም። ቤት ለወለደች ደግሞ ፍሪጅ የማይፈልገው ሚሶፕሮስቶል አለ፦ ልጁ እንደወጣ ባለ 200 ማይክሮግራም ሦስት ፍሬ ይዋጣል። ከመዋጡ በፊት ሆዷን ዳብሶ ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ መንታ ካለ መድኃኒቱ ማሕፀኑን በኃይል አኮማትሮ ሊቀድደው ይችላል።