ከጉም በላይ ያለው ታኬዳ፦ ስለ ጃፓኑ የተራራ ምሽግ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ነጭ ጉም ሸለቆውን ሞልቶ ተኝቷል። ከጉሙ መሀል የተራራ አናት ብቅ ብሏል። አናቱ ላይ የድንጋይ ካብ በካብ ላይ ተደርድሯል። ቤት የለም፣ ጣሪያም የለም።

ይህ ታኬዳ ነው። በምዕራብ ጃፓን በሂዮጎ ግዛት፣ አሳጎ በምትባል ከተማ የሚገኝ የጥንት ምሽግ ነው። ፎቶው ዓለምን ሲዞር የተሳሳተ ወሬም አብሮት ይዞራል። ቦታውን በጣም ስለምወደው ወሬውን አንድ በአንድ ላቃና። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ግንቡ ፈርሷል፤ የቀረው መሠረቱ ብቻ ነው»

የጃፓን ግንብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ባለብዙ ፎቅ ነጭ ማማ ነው። ማማው ግን ከምሽጉ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ምሽጉ ራሱ የተቆረጠው ተራራ፣ የተደለደለው ሜዳ፣ ካቡና ጠመዝማዛው መግቢያ ነው። ጃፓኖች ምሽግን የሚጽፉበት ምልክት እንኳ በግራ በኩል «አፈር» የሚለውን ምልክት ይዟል። አብዛኞቹ የተራራ ምሽጎች ከፍ ያለ ማማ ኖሯቸውም አያውቅም።

ከድሮ ጀምሮ የቆዩ ዋና ማማዎች በመላ ጃፓን 12 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛ የተራራ ምሽግ ላይ ያለው የቢቹ ማትሱያማ ማማ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚጎበኘው የኦሳካ ማማ በ1931 በኮንክሪት የተሠራ ነው። ታኬዳ ላይ ግን ቅርጹ ከዳር እስከ ዳር አለ፤ ከሰሜን እስከ ደቡብ 400 ሜትር፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 100 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ፍርስራሽ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

«የታኬዳ ሺንገን ምሽግ ነው»

አይደለም። ያ ስመ ጥር የጦር መሪ የካይ ሰው ነው፤ አገሩ ከዚህ ሩቅ በምሥራቅ ነው። እዚህ ታኬዳ የቦታ ስም ነው።

«ድንጋዮቹ 600 ዓመት ሞልቷቸዋል»

ሁለት ዘመን እየተቀላቀለ ነው። እንደሚተረከው ምሽጉን በ1431 ያስጀመረው የአካባቢው የታጂማ አውራጃ ገዥ ያማና ሶዜን ነው። ያን ጊዜ ተራራው ላይ የነበረው የአፈር ክትርና የእንጨት አጥር ነበር። ዓላማውም በደቡብ በኩል ያለውን የሃሪማን ገዥ፣ የአካማትሱን ቤተሰብ መከላከል ነበር። የምሽጉ ጥበቃ ለኦታጋኪ ቤተሰብ ተሰጠ፤ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈም ቆየ። በ1577 ኋላ ጃፓንን አንድ ያደረገው የጦር መሪ የሂዴዮሺ ወንድም፣ ሂዴናጋ፣ ጦር ይዞ ገባ። በአቅራቢያው የኢኩኖ የብር ማዕድን አለ፤ አካባቢው ለምን እንደተፈለገ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ዛሬ የምናየው ካብ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአብዛኛው የመጨረሻው ጌታ የአካማትሱ ሂሮሂዴ ዘመን ሥራ እንደሆነ ይታመናል። እሱ ወደ ታኬዳ የመጣው በ1585 ነው። ስሙን ልብ በሉ! ምሽጉ አካማትሱዎችን ለመከላከል ተሠርቶ በመጨረሻ በአንድ አካማትሱ እጅ ገባ።

«በጦርነት ተደምስሷል»

ታኬዳን የጨረሰው መድፍም እሳትም አይደለም። ጌታው ሞተና ባዶ ቀረ።

ሂሮሂዴ መጽሐፍ ወዳድ ነበር። የኮንፊሽየስን ትምህርት ያጠና ነበር፤ ሊቁ ፉጂዋራ ሴይካ ወዳጁ ነበር። ጃፓን ኮሪያን በወረረች ጊዜ ካንግ ሃንግ የሚባል ኮሪያዊ ምሁር ተማርኮ መጥቶ ነበር። ሂሮሂዴ ይህን ምርኮኛ ረዳው፤ የጥንት መጻሕፍትንም አስገለበጠው። በዚያ የደም ዘመን እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ ልቤን ይነካኛል።

በ1600 የሴኪጋሃራ ጦርነት መጣ። ሂሮሂዴ መጀመሪያ የተሰለፈው ከተሸናፊው ወገን ነበር። ከዚያ ወደ አሸናፊው ወደ ቶኩጋዋ ኢያሱ ዞረና የቶቶሪን ምሽግ በማጥቃት ተሳተፈ። በዚያ ውጊያ የቶቶሪ ከተማ ተቃጠለች። ጥፋቱ በእሱ ላይ ወደቀ፤ ሴፑኩ እንዲፈጽም፣ ማለትም ሆዱን በገዛ እጁ ቀዶ እንዲሞት ታዘዘ። የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክሞ ነው የሞተው የሚሉ አሉ፤ ጣታቸውን የሚቀስሩትም አብሮት በዘመተው በካሜይ ኮሬኖሪ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ምሽጉ ተተወ። ያ ሁሉ ካብ በጌታው ስር ያገለገለው ቢበዛ ለ15 ዓመት ያህል ብቻ ነው።

«ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ እንዲሁ ተከምሯል፤ ጥበብ የለውም»

ካብ ካብ ነው ብላችሁ አትለፉት። አሠራሩ የአኖ ግንበኞች ስልት ይባላል፤ አኖዎች ከቢዋ ሐይቅ አጠገብ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ድንጋዩን ብዙም ሳይጠርቡ እንደ ተፈጥሮው ይደረድሩታል። ረጅሙ ጎኑ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ የምናየው አጭሩን ፊት ነው። ከጀርባው ትናንሽ ጠጠሮች ይሞላሉ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በጠጠሩ መሀል ያልፋል እንጂ ተጠራቅሞ ካቡን አይገፋውም። ማዕዘኑ ላይ ረጃጅም ድንጋዮች አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ እየተፈራረቁ ይያያዛሉ።

አይፈርስም ማለት ግን አይደለም። በ2016 የኩማሞቶ የመሬት መንቀጥቀጥ የኩማሞቶን ምሽግ ካቦች በብዙ ቦታ ጥሏቸዋል።

«በጣም ከፍ ስለሚል ሁሌም ከደመና በላይ ነው»

«የጃፓን ማቹ ፒቹ» የሚለው ስም ያሳሳታል። በፔሩ ያለው ጥንታዊ የተራራ ከተማ ማቹ ፒቹ 2,430 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የታኬዳ ተራራ 354 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነጩ ነገርም ከፍ ያለ ደመና ሳይሆን የሸለቆ ጉም ነው። በመኸር ወራት ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የማሩያማ ወንዝ ውሃ ከአየሩ ይልቅ ሞቃት ይሆናል። የወንዙ እንፋሎት ቀዝቅዞ ጉም ይሆንና ሸለቆውን ይሞላል። ፀሐይ ጠንከር ስትል ይበተናል። ለማየት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ጎህ ሲቀድ መገኘት ነው፤ ያም ሆኖ ዕድል ይጠይቃል።

ምሽጉ ላይ ወጥታችሁ ያን ፎቶ ማንሳት አትችሉም። ፎቶው የሚነሳው ከሸለቆው ማዶ፣ ሪትሱንክዮ ከሚባለው ተዳፋት ነው።

«ድንጋይ ነው፣ ሰው ቢረግጠው ምን ይሆናል?»

ብዙ ይሆናል። ቦታው በ1943 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ለረጅም ጊዜ ጸጥ ያለ ነበር። ከ2010 ወዲህ ዝናው ሲገን ግን ሕዝብ ጎረፈበት። የሰው እግር ሣሩን ጨረሰው። ሣሩ ሲሄድ ዝናብ አፈሩን አጠበው፣ ከሥር የተቀበሩት የጣሪያ ሸክላዎችም ብቅ ማለት ጀመሩ። አሁን መተላለፊያው ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ መሄጃውም ተከልሏል። ከሄዳችሁ ምንጣፉ ላይ ተራመዱ። ካቡ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ፤ ጫማችሁ ሥር የሂሮሂዴ ጣሪያ ሊኖር ይችላል።