ፈንክሽናል ኤምአርአይ ምንድን ነው? «አንጎሏ በርቷል» ለሚሉን

ሰሞኑን አንዱ ተንታኝ፣ «ሉፐስ ያለባቸው ሰዎች አንጎል በፈንክሽናል ኤምአርአይ ሲታይ ከጤነኛው በላይ ይበራል፤ ስለዚህ ረሳሁ የሚሉት ነገር ዝም ብሎ ጭንቀት ነው» ሲል ሰማሁ። ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ይህን ወሬ ስሰማ ሦስተኛዬ ነው። ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

መጀመሪያ «በራ» የሚለውን ነገር እንተወው። አንጎል ውስጥ አምፖል የለም። ቀይና ቢጫውን የቀባው ኮምፒውተር ነው። ፈንክሽናል ኤምአርአይ አንጎልን በሥራ ላይ እያለ በማግኔት የሚያነሳ ማሽን ነው። ማሽኑ ሐሳብን አያይም፤ የነርቭ ሴሎችን ሥራ እንኳ በቀጥታ አያይም። የሚያየው ደም ነው። ሥራ የበዛበት የአንጎል ክፍል ደም ይጎርፍለታል። በደም ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክሲጅን የያዘውና ኦክሲጅኑን ያራገፈው ደግሞ ማግኔት ፊት ጠባያቸው ይለያያል። ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንን ነው። ደሙም ቢሆን ቶሎ አይደርስም፤ ጭማሪው ጫፍ የሚደርሰው ከአምስት ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው።

እስቲ ጅሬን እንውጣ። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጅ ቆመው፣ ጥሩ መነጽር ይዘው፣ ጅማን ቁልቁል ያያሉ እንበል። ገበያው ውስጥ ስንት ኩንታል ቡና እንደተሸጠ አይታይዎትም። የሚታይዎት ባጃጅ ነው። ባጃጅ ወደ ገበያ ሲጎርፍ ካዩ «ዛሬ ገበያው ደርቷል» ይላሉ። ብዙ ጊዜም ልክ ነዎት።

አሁን ዋናው አስፋልት ተቆፍሮ ተዘጋ። ባጃጁ ሁሉ ውስጥ ለውስጥ ይሹለከለካል። ትናንት ጭር ያለው ሰፈር ዛሬ በጥሩምባ ይናወጣል። ከላይ ለሚያይ ከተማዋ ሥራ በሥራ ሆናለች። ያው አንድ ኩንታል ቡና ግን በእጥፍ ነዳጅ ነው የሚደርሰው።

ሉፐስ ላይ በተሠሩ በርካታ ጥናቶች የታየውም ይህን ይመስላል። ታካሚዋ ማሽኑ ውስጥ ተኝታ ፊደላት አንድ በአንድ ያልፉላታል። አሁን ያየችው ከሁለት በፊት ካየችው ጋር አንድ ከሆነ ቁልፍ ትጫናለች። ውጤቷ ከጤነኛዋ ጋር ሲቀራረብ፣ የአንጎሏ የፊትና የላይኛው ክፍል ግን በብዛት ይሠራል። ተመራማሪዎቹ ማካካሻ ነው ይላሉ። እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ተንታኛችን ግን መንገዱ መዘጋቱን ትቶ ባጃጁን ቆጥሮ ወረደ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ነዳጅ የጠፋ ቀን ባጃጅ የለም፤ ገበያው ግን አለ። ሉፐስ ራሱ ደም ማነስ ያመጣል፣ ደም ሥርም ይጎዳል። ያኔ ምስሉ የተለወጠው ከነርቩ ይሁን ከደሙ መለየት ፈተና ነው። የተሳታፊዎቹን ሄሞግሎቢን ያልመዘገበ ጥናት ሳይ ገና ሳልጨርሰው እጠረጥራለሁ። ለሉፐስ የሚሰጠው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን፣ ድባቴውና እንቅልፍ ማጣቱም አሉ። ደግሞ ውጤቱ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የአንዲትን ሴት ምስል አይቶ «አንቺ ይህ አለብሽ» ለማለት አይሆንም።

የተለመደው ኤምአርአይ ሌላ ነው፤ እሱ የመንገዱን ንጣፍ ፎቶ ያነሳል። ሉፐስ ያለባት አንዲት አስተማሪ የኤምአርአይ ፎቶዋን በትልቅ ፖስታ በብብቷ ይዛ ከባሏ ጋር ወደ እኔ ለሕክምና መጣች። የተማሪዎቿ ስም ይጠፋባታል። ቡና እየቆላች ለምን እሳት ዳር እንደቆመች ይጠፋትና ቡናው ያርራል። ባልየው፣ «ዶክተር፣ ኖርማል ነው ተብሏል እኮ» አለኝ። ልክ ነው፣ ኖርማል ነበር። በሉፐስ ምስሉ ንጹህ ሆኖ ችግሩ መኖሩ ብርቅ አይደለም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ1999 እ.ኤ.አ. ከዘረዘራቸው 19 የሉፐስ የነርቭና የአእምሮ ችግሮች አንዱ የማሰብና የማስታወስ እክል ነው። እሱም የሚለካው በፈተና እንጂ በፎቶ አይደለም።

ፈተናውም የራሱ ጣጣ አለው። በእንግሊዝኛ የተሠራውን ወደ አማርኛ ብንመልሰው እንኳ በአፋን ኦሮሞ አፏን የፈታችውን እናት አይመዝናትም። እርሳስ ጨብጣ የማታውቅ ሴት በፈተናው ሰዓት ሳይ ተብላ መሳል ቢያቅታት በሉፐስ አይሳበብም።

«ታዲያ ያንን ባለ ቀለሙን አዲስ አበባ ሄደን እናሠራ?» አለ ባልየው። ብራችሁን አታባክኑ አልኩት። የደም ምርመራ ጻፍኩላት፣ ስለ እንቅልፏም ጠየቅኳት። ከዚያ ፖስታውን ወደ ጎን አድርጌ ወረቀትና እርሳስ አቀበልኳት።