ሙቀት የሚችል ኬልፕ ተገኘ ማለት ደኑ ተመለሰ ማለት አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ ስልኩን አቀበለኝ። ቪዲዮው ላይ ጠላቂዎች በረጃጅም ቡናማ ቅጠሎች መሃል ይዋኛሉ። «አየህ፣ ሙቀት የሚችል ዘር አግኝተዋል። በቃ፣ እሱን አባዝቶ መትከል ነው» አለኝ። ይህቺን አባባል ስንት ጊዜ ሰማኋት! ከተማሪዎቼ ሰምቻታለሁ። ከባጃጅ ሾፌር ሰምቻታለሁ። የገዛ ወንድሜም ብሎኛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ለማታውቁት፣ ኬልፕ በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ትልቅ አልጌ ነው። ግዙፉ ዓይነት ከ30 ሜትር በላይ ይረዝማል። ሲመቸው በአንድ ቀን እስከ ግማሽ ሜትር ያድጋል። በብዛት ሲበቅል ደን ይሆናል። ዓሣው እዚያ ይበላል፣ እዚያ ይሸሸጋል፣ እዚያ ይዋለዳል። ይህ ደን በብዙ አገር እየጠፋ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች የትኛው ኬልፕ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል ይፈትሻሉ። ለትምህርት ውጭ በነበርኩበት ጊዜ የእኔም ሥራ ይኸው ነበር። አሁን ባሕር ዳር ተመልሼ ስለ ውሃ ውስጥ ሕይወት አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደንገል እተክላለሁ።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ኬልፕ የባሕር ውስጥ ዛፍ ነው።» አይደለም። ሥር የሚመስለው ነገር ድንጋይ መያዣ ብቻ ነው። ምግቡን የሚስበው በቅጠሉ በኩል ከውሃው ነው።

«ዘረመሉን ቀይረውት ነው።» የለም፣ ሥራው ምርጫ ነው። ሌላው ሲሞት የተረፈውን ፈልጎ ማራባት። ገበሬ ጥሩ ጥሩውን ዛላ ለዘር እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው።

«ጣና ላይ ብንሞክረውስ?» አይሆንም። ኬልፕ የሚፈልገው ጨዋማ፣ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውሃ፣ ከታቹም ድንጋይ ነው። ጣና ጨው የለውም፤ ደፍራሳ ነው፤ ወለሉም በአብዛኛው ጭቃ ነው። ደግሞ ከውጭ የመጣ የውሃ አረም ምን እንደሚያደርግ ከእምቦጭ በላይ አስተማሪ አንፈልግም።

አሁን ወደ ከበድ ያለው። ሰዎች «ኬልፕ በስንት ዲግሪ ነው የሚሞተው?» ብለው ይጠይቁኛል። አንድ ቁጥር ይጠብቃሉ፣ ልክ ውሃ በ100 እንደሚፈላው። እንደዚያ ያለ ቁጥር የለም። መልሱ በዕድሜው፣ በቀኑ ብዛትና በጠገበ በተራበው ይለያያል።

ከዕድሜው ልጀምር። በቅጠሉ ላይ ጠቆር ያለ ዘር የያዘ ቦታ አለ። እሱን ቆርጠን በወረቀት እንጠርገዋለን፤ ጠቅልለንም ሌሊቱን ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ እናሳድረዋለን። ጠዋት ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ ውስጥ ስንጨምረው ውሃው ቀስ በቀስ ይለወጣል። መጀመሪያ ጭስ የመሰለ ነገር ከቁራጩ ይወጣል። ቆይቶ ሁሉም ስስ ሻይ ይመስላል። ያ ሻይ የመሰለው ነገር በዓይን የማይታይ፣ እየዋኘ መቀመጫ የሚፈልግ ስፖር ነው። ስፖሩ ድንጋይ ላይ አርፎ ጋሜቶፋይት የሚባል ጥቃቅን ወንድና ሴት ይሆናል። ትልቁ ኬልፕ የሚወለደው ከእነሱ ነው። ጋሜቶፋይቶቹ በቀይ ብርሃን ሥር ሳያፈሩ ለዓመታት ሊቀመጡ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሙቀትም ከልጃቸው የበለጠ ይችላሉ። ስለዚህ «ቻለ» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ወላጁ ነው ወይስ ልጁ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ቀን ነው። የባሕር ሙቀት ማዕበል የሚባለው፣ ውሃው ለወቅቱ ከተለመደው በጣም ሞቆ ቢያንስ ለ5 ቀን ሲቆይ ነው። አንዳንዱ ግን ወራት ይፈጃል። አንድ ቀን የቻለ ኬልፕ ሦስት ሳምንት ይችላል ማለት አይደለም። ሦስተኛው ምግብ ነው። ናይትሮጅን ያገኘ ግዙፍ ኬልፕ ከተራበው የተሻለ ሙቀት ይቋቋማል። ችግሩ በካሊፎርኒያ ዳርቻ ውሃው ሲሞቅ ናይትሬቱም፣ ማለትም ኬልፑ ናይትሮጅን የሚያገኝበት ምግብ፣ አብሮ ማነሱ ነው። ሙቀትና ረሃብ ተያይዘው ነው የሚመጡት። በምግብ በጠገበ ገንዳ ብቻ የፈተነ ሰው ባሕሩን አልፈተነም።

አራተኛም አለ፤ ጉዳቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው። ይህን በራሴ እጅ ነው የተማርኩት። አንድ ጊዜ ናሙናዎቼን ለ3 ቀን ሞቅ ያለ ገንዳ ውስጥ አቆየኋቸው። ሳወጣቸው ቡናማ፣ ጠንካራ፣ እንደ ለፋ ቆዳ የሚያንጸባርቁ ነበሩ። መዝገቡ ላይ «ቻሉ» ብዬ ጻፍኩ፤ ወደ ቀዝቃዛውም መለስኳቸው። በሳምንቱ ስመጣ ጫፋቸው ነጥቷል። አንዱን በጣቴ ስነካው እንደ ተቀቀለ ጎመን ተበጣጠሰ። ጉዳቱ ገና በሦስተኛው ቀን ውስጣቸው ነበረ፤ እኔ ነኝ ቀድሜ የፈረድኩት። ከዚያ ወዲህ ናሙና ከሙቀት ወጥቶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በቀዝቃዛ ውሃ ሳይቆይ ፍርድ አልሰጥም።

ተማሪዎቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በኬልፕም ሞክሩት፣ በደንገልም፣ በቆሮሶም፣ ሕጉ አንድ ነው። አንድ ገንዳ ውስጥ ያሉ አሥር ናሙናዎች አሥር ሙከራ አይደሉም። ማሞቂያው ቢበላሽ አሥሩም አብረው ነው የሚሞቱት። ለእያንዳንዱ የሙቀት ደረጃ ብዙ ገንዳ አዘጋጁ። ቴርሞሜትር በየገንዳው አስገቡ፤ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አትመኑ። ገንዳ መስኮት ሥር አታስቀምጡ። እዚህ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። ሌሊት መብራት ሲጠፋ የውሃው ሙቀት የት እንደደረሰ የሚመዘግብ ነገር ከሌላችሁ ጠዋት የምታዩት ውጤት የሙከራችሁ ይሁን የመብራቱ አይታወቅም። ሙቀቱንም ቀስ በቀስ ጨምሩ። ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ በአንድ ጊዜ የተወረወረ ፍጥረት የሚነግራችሁ ስለ ድንጋጤው ብቻ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው። «ሙቀት የቻለውን አባዝቶ መትከል ነው።»

ይህ አባባል ሁለት ስህተት ይዟል። የመጀመሪያው ደኑን የጨረሰው ሙቀት ብቻ ነው ብሎ ማመን ነው። ሰሜን ካሊፎርኒያን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የባሕር ኮከቦች በበሽታ አለቁ። ከእነሱ አንዱ፣ ብዙ ክንድ ያለው ትልቅ ኮከብ፣ የባሕር ጃርት በሊታ ነበር። የባሕር ጃርት የምላችሁ በእሾህ የተሸፈነ ክብ እንስሳ ነው፤ ኬልፕ ይበላል። ከ2014 እስከ 2016 ደግሞ ከባድ የሙቀት ማዕበል መጣ። በሊታው የለም፣ ኬልፑ ደክሟል፣ ጃርቱ በዝቷል። ከዚያ አካባቢ የኬልፕ ደን ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። ውሃው በኋላ ቀዘቀዘ፤ ደኑ ግን በሰፊው አልተመለሰም። ጃርቱ ምግብ ሳያገኝ ለዓመታት መቆየት ይችላልና ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እዚያ የዓለምን ሙቀት ሁሉ የሚችል ኬልፕ ብትተክሉ ለጃርቱ ምሳ ነው የምታቀርቡት።

ምዕራብ አውስትራሊያም ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተነሳ የሙቀት ማዕበል ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዳርቻ ላይ የነበረ የኬልፕ ደን ጠፋ። ሙቀቱ አለፈ። ድንጋዩን ግን አጫጭር አልጌ እንደ ምንጣፍ ሸፈነው። የሞቃት ባሕር ዓሣዎችም መጥተው የሚበቅለውን ሁሉ ይግጣሉ። ትንሹ ኬልፕ የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ይህን ነገር ለማመን አውስትራሊያ መሄድ አያስፈልግም። ከሦስት ዓመት በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ጣና ዳር ደንገል ተከልን። ግንዱን ከነሥሩ፣ ከጭቃው ጋር፣ ጤነኛ ጤነኛውን መርጠን። በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ቡቃያ አወጣ። በወሩ ስንመለስ ግን ጉቶ ብቻ ነበር፤ ጭቃው በከብት ኮቴ ተበሳስቷል። ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት አጠገቡ ቆመው ያዩናል። «አባባ፣ ዘሩ መጥፎ ይሆን?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ዘሩ ምን በደለ?» አሉኝ። «ደንገሉን ፀሐይ አልፈጀውም። ከብት ነው የፈጀው፤ ማጭድ ነው የፈጀው፤ ውሃው ሲሸሽ እየተከተልን ያረስነው እኛ ነን።» ቀጥለው የት ማጠር እንዳለብን በዱላቸው አሳዩኝ። በቀጣዩ ዓመት እሳቸው ባሉት ቦታ ከባለከብቶቹ ጋር ተነጋግረን አጠርን። ያው ዘር፣ ያው ጭቃ። አሁን ከእኔ ቁመት በላይ ነው።

ሁለተኛው ስህተት «አንዱን አባዝቶ» የሚለው ነው። ታዝማኒያ ግዙፉ ኬልፕ 95 በመቶ ገደማ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአውስትራሊያ መንግሥት ደኑን ለመጥፋት የተቃረበ ብሎ መዝግቦታል። ተመራማሪዎች ከተረፉት መሃል ሙቀት የተሻለ የሚችሉትን ለይተው ባሕር ውስጥ መትከል ጀምረዋል። ሥራው ትልቅ ነው፤ አደንቀዋለሁ። ግን አንድ ቤተሰብ ብቻ፣ ማለትም ከአንድ ወላጅ የተገኘ ኬልፕ ብቻ፣ ቢተከል ምን ይሆናል? ሙቀቱን ቢችል በሽታውን ላይችል ይችላል። የባሕሩ ሞገድ ሊነቅለው ይችላል። አሸናፊው ነገ በሚመጣው ነገር ሊሸነፍ ይችላል። የሰሜን ገበሬ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ የሚዘራው ለምን ይመስላችኋል? ዝናቡ ቢያጥር አንዱ፣ ቢበዛ ሌላው እንዲተርፈው ነው። ስለዚህ የሙቀት ፈተና ጥቅሙ ብዙ የሚችሉ ቤተሰቦችን ማግኘት ነው። እነሱን ቀላቅሎ፣ ከተቻለ ከዚያው ዳርቻ ከተገኙት ጀምሮ፣ በትንሽ በትንሹ ባሕሩ ውስጥ መሞከር ይከተላል።

መሞከሪያው መንገድም ተገኝቷል። ኖርዌይ ውስጥ ትንንሽ ጠጠር ላይ ኬልፕ ዘርተው ቤተ ሙከራ ያሳድጉና ከጀልባ ላይ ወደ ባሕር ይጥሉታል። ጠላቂ አያስፈልግም። ኬልፑ እያደገ ከጠጠሩ አልፎ ታች ያለውን ድንጋይ ይይዛል። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ጃርት በሞላበት፣ ወይም ማዕበል ጠጠሩን በሚያንከባልልበት ቦታ አይሠራም።

ስለዚህ ዜና ስትሰሙ ስንት እንደተተከለ አትጠይቁ። ስንት እንደጸደቀ ጠይቁ፤ ያውም ከአንድ ሙሉ በጋ በኋላ። ችግኝ ስንተክል ይህን ጥያቄ እኛው እናውቀዋለን።

አንድ የቀረችኝ አለች። «ኬልፕ የበረዶ አገር ነገር ነው፣ ከእኛ ሩቅ ነው» ይላሉ። ቀይ ባሕር ላይ የለም፣ እውነት ነው፤ በጣም ይሞቃል። ግን ኦማን ደቡብ፣ ዶፋር ዳርቻ ላይ አለ። አገሩ በረሃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው ነፋስ የላዩን ሞቃት ውሃ ይገፋና ቀዝቃዛውን፣ ምግብ የሞላውን ውሃ ከታች ያወጣዋል። እኛ ባሕር ዳር ዣንጥላ ይዘን በምንወጣበት ክረምት ማለት ነው፣ ኬልፑ እዚያ የሚያድገው።