የሞንቴሶሪ መዋዕለ ሕፃናት ዓመታዊ ዕቅድና የመሻሻል ግቦች፦ በደሴና በኮምቦልቻ

የሞንቴሶሪ መዋዕለ ሕፃናት ዓመታዊ ዕቅድ ትምህርት ቤቱ ባለፈው ዓመት የት እንደደረሰ የሚመዘንበትና በሚመጣው ዓመት ምን እንደሚያሻሽል የሚቆረጥበት ሰነድ ነው። ሰነዱ ለሁለት ወገን ያድራል። በአንድ በኩል የአገሪቱ የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር አለ። በሌላ በኩል ከሁሉም በፊት ልጁን መመልከት የሚለው የሞንቴሶሪ ልማድ አለ። ሁለቱን ማስታረቅ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሥራ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ እዚህ የሰፈረው በአብዛኛው ከምንሠራበት አንድ የደሴ መዋዕለ ሕፃናት የዕቅድ ፋይሎችና ከክፍል ውስጥ ልምድ የተሰበሰበ ነው።

መነሻው

የዘዴው መሥራች ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1870 ጣሊያን ውስጥ ተወለዱ። በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ሳን ሎሬንሶ በሚባል የሮም የሠራተኞች ሠፈር የመጀመሪያውን «የሕፃናት ቤት» ከፈቱ። ወላጆቻቸው ሥራ ሲወጡ ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይውሉ ነበር። ግድግዳውንና ደረጃውን ይሞነጫጭሩታል። የሕንፃዎቹ ባለቤቶች መላ ሲፈልጉ ነው ነገሩ ወደ ዶክተሯ የመጣው። ይህ ታሪክ ለኮምቦልቻ ሰው ሩቅ አይደለም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ባለበት፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ በተከፈተበት ከተማ፣ ማልዳ ለሥራ የምትወጣ እናት ልጇን የት ታውለው የሚለው ጥያቄ የየዕለት ጥያቄ ነው።

ለወሎም ቢሆን ዘዴው ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። የሞንቴሶሪ ዘዴ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን አንድ ክፍል ውስጥ ያደርጋል፤ ትልቁ ትንሹን ያሳያል። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ልጅ አዲስ የገባውን ያስቆጥራል። በቁርዓን ቤትም ሉሑን (የእንጨት ሰሌዳውን) የጨረሰው ጀማሪውን ያስነብባል። ሁለቱም በአንድ ሠፈር ጎን ለጎን በኖሩበት አገር አድገን፣ «ትልቁ ትንሹን ያስተምር» ሲባል አንደነግጥም።

ዘዴው ተቺዎች አሉት። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ዊልያም ኪልፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1914 ጊዜ ያለፈበት ነው ብሎ ነቅፎታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ዕጣ ደርሷቸው ወደ ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ዕጣው ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸሩ የተሻለ ውጤት ታይቶባቸዋል። የአንድ ከተማ ጥናት ነው። ክፍል ውስጥ ለዋለ መምህር ግን የሚገርም አይደለም።

ዕቅዱ የሚወጣበት ማዕቀፍ

የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራት ዐቢይ ርእሶች አሉት፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ራሱን ይገመግማል። ከዚያ የ3 ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ያወጣል፤ ከእሱም የዓመቱን ይቀዳል። በኋላ የመጣው ኢንስፔክሽን (የትምህርት ቤቶች ፍተሻ) ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል። ደረጃ 3 ስታንዳርዱን አሟልቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግጭት አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለቅድመ አንደኛ ደረጃ የሚሰጠው 2 ዓመት ነው፤ የ5 እና የ6 ዓመት ልጆችን። የሞንቴሶሪ ዑደት ግን ከ3 ዓመት ጀምሮ 3 ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በመንግሥት ቅጽ ላይ ቦታ የሌላቸው፣ ለሥራው ግን መሠረት የሆኑ ዓመታት ናቸው። እኛ ቅጹን እንደ ሕጉ ሞልተን፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆችን በሌላ ደብተር እንመዘግባለን።

ከ2015 በፊት የነበረው ጊዜ በአጭሩ ነው የሚነገረው። በ2012 በኮሮና ትምህርት ተዘጋ። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘረፈ፤ ፋይልም አብሮ ጠፋ። የሚከተለው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው።

የፊደል ግብ

ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ ዕቅዱ ውስጥ የማይቀር ግብ የፊደል መሣሪያ ማሟላት ነው። በሞንቴሶሪ ልጅ ፊደልን በጣቱ ይማራል። ፊደሉ ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ ኮምፖርሳቶ ላይ ይለጠፋል። ልጁ በሁለት ጣቱ እየዳሰሰ ድምፁን ይላል። ለእንግሊዝኛ 26 ሰሌዳ ይበቃል። ለአማርኛ 33 ፊደል በ7 ሆሄ ሲባዛ 231 ይሆናል። ከውጭ የሚመጣው ሣጥን ይህን አያውቅም። ራሳችን መቁረጥ አለብን።

በአንድ ዓመት 231 መቁረጥ ስለማይቻል ግቡ ይከፋፈላል። መጀመሪያ ግዕዙ፣ 33ቱ። ከዚያ ካዕብና ሣልስ። ካዕብ ለምን ቀደመ ቢባል፣ ሉ፣ ሙ፣ ቡ ላይ በቀኝ በኩል የምትጨመረዋን ጭረት ልጁ በጣቱ ያገኛታል። አንዴ ካገኛት ሌላው ፊደል ላይ ራሱ ይፈልጋታል። ሩ ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባል፤ ያኔ ነው መምህሯ የምትጠጋው።

ዘዴው ድምፅን ከምልክት ጋር ስለሚያገናኝ ሌላ ጥያቄም ይነሳል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም እንዲሁ። ለአንድ ድምፅ ስንት ሰሌዳ ይቅረብ? አንዳንድ መምህራን አንዱን ብቻ አቅርበው ሌላውን ለአንደኛ ክፍል ይተዋሉ። ሌሎች ወንድማማች ናቸው ብለው አብረው ያሳያሉ። በእኔ እይታ የመጀመሪያው ለልጁ ይቀላል፤ በዚህ ላይ ግን ስምምነት የለም።

«ስንተኛ ወጣ?»

የዕቅዱ ከባድ ክፍል የልጆች ዕድገት አመዘጋገብ ነው። በሞንቴሶሪ ደረጃ አይሰጥም። መዝገቡ ላይ በየመሣሪያው ሦስት ምልክት አለ፤ ቀርቦለታል፣ እየተለማመደ ነው፣ ችሎታል። ወላጅ ግን ጥር ላይ መጥቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ተቆጥቶ አይደለም፤ እሱም ያደገው እንዲያ ነው።

በ2016 የተያዘው ግብ ወላጁ ክፍል ገብቶ እንዲያይ ማድረግ ነበር። ዝም ብሎ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ልጁ ስሌኑን ዘርግቶ፣ ሽንብራ በማንኪያ ከሳህን ወደ ሳህን ሲያዛውር፣ የወደቀውን ሲለቅም፣ ዕቃውን ወደ መደርደሪያው ሲመልስ ያያል። አንዲት እናት ስትወጣ «ቤት እኮ አንድ ነገር አያነሳም!» አለች። ከዚያ በኋላ ስንተኛ ወጣ አላለችም።

ሌላው ግብ ያልተቆራረጠ የሥራ ጊዜ ነው። ዘዴው 3 ሰዓት ይጠይቃል። ደሴ ላይ ጠዋት 2:30 ተጀምሮ እስከ 5:30 መሆኑ ነው። መሃል ላይ የመዝሙር፣ የመክሰስና የእንግሊዝኛ ደወል ሲደወል ልጁ የያዘውን ይጥላል። ደወሎቹን አንድ በአንድ መቀነስ ሁለት ዓመት ወስዷል። በዕቅዱ ከተሳኩት ሁሉ ይህን የሚበልጥ የለም።

ስሌንና እንጨት

የዕቃ ግብ በከተማው ይለያያል። ደሴ ብርድ ናት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ሲሚንቶውን ያቀዘቅዘዋል፤ ልጅ መሬት ላይ እንዲሠራ ከስሌኑ ሥር ወፍራም ምንጣፍ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ጣጣው ጥላና ውሃ ነው።

የእንጨት መሣሪያ የሚታዘዘው በበጋ ነው። ልጁ ኩቦች እየደራረበ የሚሠራው ሮዝ ግንብ 10 ኩቦች አሉት፤ ትንሹ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ 10። በክረምት የተሠራ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ኩቦቹ ልካቸውን ከሳቱ ልጁ ስህተቱን በዓይኑ ሊለይ አይችልም፤ መሣሪያው ደግሞ ራሱ እንዲያርመው ነው የተሠራው። ስለዚህ የ2017 ዕቅድ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ። አናጢው ያመጣው ኩብ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት በማስመሪያ ይለካል፤ ያልሆነው ይመለሳል።