አሳዶራ ምንድን ነው? (መጨረሻው ላይስ ለምን ያናድደኛል?)

የጃፓን ድራማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ማታ ማታ በሳምንት አንዴ እየታየ 10 ወይ 11 ክፍል ላይ የሚያልቀውን ነው። እሱንም አያለሁ፣ ጥሩ ጥሩ አለው፣ ግን እዛ አገር እናትም ልጅም አያትም እኩል የሚያወሩለት ሌላ አለ፣ አሳዶራ ይባላል፣ የጠዋት ድራማ ማለት ነው በቃ። ኤን ኤች ኬ የሚባለው የሕዝብ ጣቢያቸው በ1961 ጀመረው፣ ይኸው እስከዛሬ አለ። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እያንዳንዱ ላይ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

አንዱ ክፍል 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይታያል፣ ላመለጠው ቀን 6:45 ላይ ይደገምለታል፣ ቅዳሜ የሳምንቱን ጠቅለል አርገው ያሳያሉ (ድሮ ቅዳሜም አዲስ ክፍል ነበረው፣ በ2020 ነው የቀነሱት)። አንድ ታሪክ ስድስት ወር ይቆያል፣ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ያለውን የጣቢያው የቶኪዮ ሰዎች ይሠሩታል፣ ከኦክቶበር እስከ ማርች ያለውን የኦሳካዎቹ፣ አንዱ እንዳለቀ በቀጣዩ ሰኞ ሌላው ይጀምራል። አሁን ባለው አሠራር አንድ ታሪክ ወደ 130 ክፍል ይሆናል፣ ሲደመር 32 ሰዓት ገደማ። የነሱ ጠዋት 2 ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ሌሊት 8 ሰዓት ስለሆነ በቀጥታ ልከታተል የሚል ሰው እንቅልፉን ይርሳው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይሄ ድራማ የተሠራው ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው አይደለም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቤት ያለ ሰው ምን ይሠራል? ቁርስ ያነሳል፣ ዕቃ ያጥባል፣ ልጅ ያለብሳል፣ አንድ እግር ካልሲ ይፈልጋል። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፣ አሳዶራ ላይ ግን በጆሮ ነው የሚገባው። ሲጀመርም ሐሳቡ የመጣው ጋዜጣ ላይ በየቀኑ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ከሚወጣ ልብወለድ ነው፣ የወግ ስሙም እስከዛሬ ተከታታይ የቴሌቪዥን ልብወለድ ነው፣ ስለዚህ ተራኪ ከሱ አይጠፋም፣ ፊትሽን ወደ ማጠቢያው አዙረሽም ማን እንደገባ፣ ማን እንደተቀየመ፣ ስንት ዓመት እንዳለፈ ድምፁ ይነግርሻል። ሬዲዮ ላይ መጽሐፍ ሲተረክ እየሰማ ያደገ ሀበሻ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ስለ ተራኪዎቹ ብቻ ብዙ ማውራት ይቻላል። ጎቺሶሳን የሚባለው ላይ (በ2013 መጨረሻ የጀመረ፣ ስለ ምግብ የሆነ) የምትተርከው የዋናዋ ልጅ አያት ናት። አያትየው ገና ከመጀመሪያው ትሞታለች፣ ከዛ ምን ትሆናለች መሰላችሁ፣ አትክልት በሩዝ ፉርሽካ ተቀብሮ የሚብላላበት ማሰሮ ሆና ከኩሽና ጥግ ታሪኩን ትቀጥላለች። ማሰሮ! ስድስት ወር ሙሉ። ማንም ምንም አይልም፣ ሁሉም ተቀብሎት ነው የሚያየው፣ እኔም በሦስተኛው ቀን ለምጄው ነበር።

ሌላ የምወደው ነገር ድራማው እንዳለቀ ያለው ደቂቃ ነው። ልክ 2:15 ላይ አሳኢቺ የሚባል ቀጥታ የጠዋት ፕሮግራም ይከተላል፣ አቅራቢዎቹ ስቱዲዮ ሆነው ድራማውን ከሕዝቡ ጋር እኩል አይተው ነው የሚገቡት፣ ስለዚህ ወደ ዕለቱ ርዕስ ከመግባታቸው በፊት ስላዩት ነገር ትንሽ ይሉበታል፣ እንዴ እሱ ሰውዬ አሁን ምን ነካው ዓይነት ወሬ፣ ዓይናቸው ቀልቶ የሚጀምሩበት ቀንም አለ። ጃፓንኛ ከሚችለው ሰው መሐል ድራማውን የሚወደውን ያህል ያቺን ደቂቃም የሚጠብቅ አለ።

ታሪኩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቅርጽ ነው የሚሄደው። ዋናዋ ሴት ናት፣ ክፍለ ሀገር ትወለዳለች፣ ልጅ ሆና ትረብሻለች፣ አንድ ነገር ያምራታል፣ ቶኪዮ ወይ ኦሳካ ትሄዳለች፣ ታገባለች፣ ጦርነት ይመጣል፣ ከጦርነት በኋላ ከባዶ ትጀምራለች። ብዙዎቹ ከእውነተኛ ሰው ሕይወት የተነሱ ናቸው፣ የ2024ቱ ቶራ ኒ ፁባሳ ለምሳሌ በ1940 ጠበቃ ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ የጃፓን ሴቶች አንዷ ከሆነችው ከዮሺኮ ሚቡቺ ነው የተነሳው።

ኦሺን የሚባለውን አሳዶራ ሳልጠራ ባልፍ ይታዘቡኛል። ከኤፕሪል 1983 እስከ ማርች 1984 ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ፣ 297 ክፍል። አማካይ ሬቲንጉ (ከመቶ ቤት ስንቱ ያየዋል ማለት ነው) 52.6 በመቶ፣ ከፍተኛው 62.9 በመቶ፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ዛሬ ማንም ድራማ በሕልሙም አያየው። የጻፈችው ሱጋኮ ሃሺዳ ናት። ያማጋታ የሚባል በረዷማ አገር፣ የድሃ ጭሰኛ ቤት፣ ሩዙ እንዲበረክት ዳይኮን የሚሉትን ነጭ ሥር ከትፈው ይጨምሩበታል፣ ሳህኑ ላይ የሚታየው ከሩዙ ሥሩ ይበዛል። ከዛ የሰባት ዓመቷ ኦሺን በአንድ ጆንያ ሩዝ ዓመት ሙሉ ሕፃን ልታዝል ትቀጠራለች። በረዶ መሐል ግንድ ተጋጥሞ በተሠራ ታንኳ ወንዙን ይዘዋት ሲወርዱ እናትየው ዳር ቆማ ታያታለች። በሕይወቴ ብዙ ድራማ አይቻለሁ፣ እንደዛች ደቂቃ አንጀቴን የበላው ጥቂት ነው። እና ይሄ ሁሉ ከቁርስ ጋር!

ኦሺን ብዙ አገር ዞሯል። ኢራን ውስጥ በ80ዎቹ ከኢራቅ ጋር በሚዋጉበት ሰዓት ታይቶ ሰዉ ከመውደዱ የተነሳ እዛ ሰልባጅ ልብስን ታናኩራ ይሉታል፣ ልብስ የምትሸጠው የኦሺን የባሏ ቤተሰብ ስም ታኖኩራ ስለሆነ ነው።

ግን ሰው ኦሺንን የትዕግስት ታሪክ ነው ሲል አልስማማም። ቻለችው፣ ቻለችው፣ በመጨረሻ አለፈላት ብሎ የሚያወራው የመጀመሪያውን ሩብ ብቻ ያየ ሰው ነው። ድራማው እኮ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፣ ኦሺን አሮጊት ሆና፣ ቤተሰቡ ሱፐርማርኬቶች ኖሮት፣ አዲስ ቅርንጫፍ በሚመረቅበት ቀን ለማንም ሳትናገር ትጠፋለች። የሄደችው ያደገችበትን ፍለጋ ነው፣ ጥያቄዋም እንዲህ ሀብታም ሆነን የት ጋ ነው የተበላሸነው የሚል ነው። መሐል ላይ ደሞ ባሏ ለጦሩ እያቀረበ ያተርፋል፣ የሌሎችን ልጆች ወደ ጦርነት ይሸኛል፣ የራሱም ልጅ ይሞታል፣ ጃፓን ስትሸነፍ ራሱን ያጠፋል። በ1983 ኢኮኖሚያቸው ሽቅብ እየወጣ ባለበት ሰዓት ይሄን ለመላው አገር ጠዋት ጠዋት ማሳየት ድፍረት ነው። ስለ ትዕግስት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ 20 ክፍል ላይ አቆመው ነበር።

ሁለተኛው የኔ ምርጥ አማቻን ነው፣ 2013፣ የካንኩሮ ኩዶ ጽሑፍ። ቶኪዮ ያደገች አኪ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ወደ እናቷ አገር ኢዋቴ ባሕር ዳርቻ መጥታ እንደ አያቷ ጠልቃ የባሕር ጃርት ለመልቀም ትነሳለች፣ ዋና የምትችለውን ያህል መልቀም አይሆንላትም፣ ከዛ የመንደር ዘፋኝ ትሆናለች፣ ያስቃል በጣም። ነገር ግን ታሪኩ የሚጀምረው 2008 ላይ ነው፣ ቦታው ደሞ ኢዋቴ ነው፣ ስለዚህ ጃፓን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየሳቀ የሚያውቀው ነገር አለ፣ ማርች 2011 ይመጣል፣ ያን ዳርቻ የመታው ሱናሚ ይመጣል።

ሲመጣ እንዴት አደረጉት? የውሃውን ቪዲዮ አላሳዩም። ቱሪዝም ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የከተማዋ ትንሽ ሞዴል ነበረ፣ ወራት ሙሉ ከጀርባ ያየነው፣ እሱ ተሰባብሮ ሰማያዊ ስብርባሪ መስታወት ሲለብስ ነው የሚያሳዩት። የአኪ ጓደኛ ዩኢ ወደ ቶኪዮ ለመሄድ ባቡር ላይ ነበረች፣ ባቡሩ መንቀጥቀጡ ሲመጣ ዋሻ ውስጥ ቆሞ ተረፈ፣ ኃላፊው በእግሩ ወጥቶ ያያል፣ አትምጪ ይላታል፣ እሷ ትመጣለች፣ ካሜራው መጀመሪያ ሐዲዱን ሳይሆን ፊቷን ነው የሚይዘው። ቁርስ ላይ ላለ ሰው፣ ምናልባትም ዘመድ ለሞተበት ሰው እንደሚሠሩ አውቀው ነው የሠሩት። የማታ ድራማ ቢሆን ሙዚቃ ጨምሮ ጎርፉን ይለቅብን ነበር።

እሺ፣ አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ከመቶ ምናምነኛው ክፍል በኋላ ጽሑፉ ይሮጣል። አንድ ልጅነት ላይ ሦስት ሳምንት ሲንፏቀቁ ቆይተው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት 30 ዓመት ይዘላሉ፣ የ25 ዓመት ተዋናይት ፀጉሯን ነጭ ቀብተው አያት ናት ይሉናል፣ ቆዳዋ ግን ያው ነው። ሁለተኛ ሰኞ የተነሳ ጸብ አርብ መታረቁ አይቀርም፣ ሳምንቱ እንዲዘጋ ስለሚፈለግ። ሦስተኛውና ዋናው፣ እውነተኛ ሰው ላይ ሲሠሩ ጎርባጣውን ያስተካክሉታል። ማንፑኩ የሚባለው (ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የታየ) የተነሳው ፈጣን ኑድል ከሠራው ከሞሞፉኩ አንዶ እና ከሚስቱ ነው፣ እኛ ኢንዶሚ የምንለውን ዓይነት ነገር በ1958 ያመጣው ሰውዬ። ሰውዬው የተወለደው ታይዋን ነው፣ በጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን፣ ከታይዋን ቤተሰብ። ድራማው ላይ ግን ጃፓናዊ ነው፣ አለቀ። ድራማው ራሱ ይጣፍጣል፣ ኑድሉን ዘይት ውስጥ ጠብሶ ለማድረቅ የሚለፋበት ክፍል ይያዛል፣ ግን ትልቁን ነገር አውጥተው ጥለው ስለ ጽናት ሲያወሩኝ አልዋጥልህ አለኝ። ጠዋት ነው፣ ሰው እንዳይከፋው የሚል ምክንያት ይሰጣል፣ ኦሺን ግን በጠዋት ነው የታየው አይደል እንዴ?

ቃና ላይ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ የለመደ ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፣ ክፉ ሰው የለበትም ማለት ይቻላል፣ ሽጉጥ የለም፣ ሰው ሻይ ይጠጣል። እንግሊዝኛ ሰብታይትል ያለው ማግኘትም እንደ ኮሪያዎቹ ቀላል አይደለም፣ ብዙውን የሚተረጉሙት አፍቃሪዎቹ ናቸው። ካገኛችሁ በቀን ከሁለት ሦስት ክፍል በላይ አትዩ፣ በየ15 ደቂቃው ያው የመግቢያ ዘፈን እየመጣ ያሳብዳችኋል። ከአማቻን ጀምሩ፣ የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት 12 ክፍል ነው፣ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፣ እሱ ካልያዛችሁ ዘርፉ የናንተ አይደለም ተዉት፣ ከያዛችሁ ኦሺንን ለክረምት አቆዩት፣ 74 ሰዓት ነው።