ታግ ሞድ ምንድን ነው? ድራጎን ኩዌስት 9ን የተለየ ያደረገው ነገር

ሁለት ሰዎች ቶኪዮ ውስጥ ባቡር ጣቢያ ላይ ይተላለፋሉ። አይተዋወቁም። ዞር ብለውም አይተያዩም። በሁለቱም ቦርሳ ውስጥ ግን ክዳኑ የተዘጋ ኒንቴንዶ ዲኤስ የሚባል በእጅ የሚያዝ የጌም ኮንሶል አለ። ዕቃዎቹ በዚያች አጭር ጊዜ ተፈላልገው ይገናኛሉ፣ መረጃም ይለዋወጣሉ። ማታ አንደኛው ጌሙን ሲከፍት፣ የማያውቀው ሰው የፈጠረው ጀግና በእንግድነት መጥቶለታል። ታግ ሞድ የሚባለው ይህ ነው።

ድራጎን ኩዌስት 9ን ለብዙ ዓመታት ስወደው የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጌም አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ ታሪኩን አላስቀድምም። ውጊያውንም አላስቀድምም። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። አራት ሰው አብሮ የሚጫወትበት ክፍልም አለው፤ ገና ከመውጣቱ በፊት ብዙ የተወራው ስለ እሱ ነበር። ለእኔ ግን የዚህ ጌም እውነተኛ መልቲፕሌየር (የጋራ ጨዋታ) ተጫዋቾቹ ሳይተያዩ የሚጫወቱት ነው።

ተከታታዩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው። ድራጎን ኩዌስት ጃፓን ውስጥ በ1986 የተጀመረ አርፒጂ ነው። ጀግና ይዛችሁ ትነሳላችሁ፣ ጭራቅ እየገደላችሁ ሌቭላችሁን ታሳድጋላችሁ፣ ከከተማ ከተማ እየዞራችሁ የሰው ችግር ትፈታላችሁ። የጌሙ አባት ዩጂ ሆሪ ናቸው። ገጸ ባሕርያቱን የሣሉት አኪራ ቶሪያማ፣ ሙዚቃውን የደረሱት ኮይቺ ሱጊያማ ናቸው። ስምንተኛው በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። ዘጠነኛው በእጅ በሚያዝ ትንሽ ኮንሶል ይመጣል ተብሎ በ2006 መጨረሻ ሲነገር ብዙ ሰው ደነገጠ። ዋናው ተከታታይ ለእንዲህ ዓይነት ኮንሶል ተብሎ ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ላይ ተራ በተራ የነበረው ውጊያ ቀርቶ አክሽን ይሆናል ተባለ። የጃፓን ደጋፊ ተቆጣ። አዘጋጆቹም ሰሙት፤ ውጊያውን ወደ ድሮው መለሱት። ማርች 2009 ላይ ሊወጣ ቀን ተቆርጦለት ነበር፤ ስህተት ተገኝቶበት ተገፋና ጁላይ 11 ቀን 2009 ወጣ። ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ አሜሪካ ገባ። ጃፓን ውስጥ ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ይህ ቁጥር ለታግ ሞድ በጣም አስፈላጊ ነው። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ጌሙ ውስጥ ስቶርንዌይ የምትባል ከተማ አለች። ኤሪን የምትባል ልጅ ከገጠር መንደር ወደዚያ ሄዳ አባቷ ይሠሩበት የነበረውን ሆቴል ትረከባለች። ሆቴሉ ሥራ ፈቷል። እንግዳ ማምጣት የእናንተ ሥራ ነው። ታግ ሞድን ትከፍታላችሁ፣ ዲኤሱን ትከድናላችሁ፣ ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ ከቤት ትወጣላችሁ። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ፓስወርድ የለም፣ መመዝገብ የለም። ዕቃው በራሱ የአጭር ርቀት ሬዲዮ አካባቢውን ሲያስስ ይውላል። ያንኑ ጌም በዚያው ሞድ የከፈተ ሌላ ዲኤስ በአጠገቡ ካለፈ ይያያዛሉ። በአንድ ዙር እስከ ሦስት ሰው ይይዛል። ሦስቱ ከሞሉ ከፍታችሁ እንግዶቹን ትቀበላላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ትከድናላችሁ።

አንድ ቅር የሚል ነገር አለው። ሞዱ ሲሠራ ጌሙን መጫወት አይቻልም። ወይ ትጫወታላችሁ፣ ወይ እንግዳ ትጠብቃላችሁ። ባቡር ላይ ተቀምጦ መጫወት ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም።

የሚመጣው እንግዳ የዚያ ሰው ጀግና ነው። መልኩ፣ ልብሱ፣ የያዘው ሰይፍ ይታያል። ባለቤቱ የጻፈው አጭር መልእክት አለ። ስንት ሰዓት እንደተጫወተና ምን ማዕረግ እንዳገኘ ይታያል። እስከ 30 እንግዳ ሆቴሉ ውስጥ ማረፍ ይችላል፤ እንግዳ በበዛ ቁጥር ሆቴሉም እየደመቀና እየሰፋ ይሄዳል። ድራጎን ኩዌስት 9 ጀግናችሁን ከፀጉሩ እስከ ጫማው የምታስጌጡበት ጌም ነው። ያለበሳችሁት ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ይህ ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገ ጠዋት ጀግናችሁ የማታውቁት ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ እንደሚሄድ ስታውቁ ግን ኮፍያው ያሳስባችኋል።

እንግዳው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ካርታ ይዞ ይመጣል።

እዚህ ላይ ረጋ ልበል፤ የጌሙ ልብ ያለው እዚህ ነው። ጌሙ ውስጥ ካርታ የሌለው ሰው የማይገባባቸው ዋሻዎች አሉ። ካርታው የሚያሳየው የሆነች ቁራጭ መሬትና አንድ የኤክስ ምልክት ነው። ቦታዋ ከሰፊው ዓለም የት እንደሆነች ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ። ዋሻው ፎቅ በፎቅ ወደ ታች ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ ቦስ፣ ማለትም ከሁሉም የከበደ ጠላት አለ። ቦሱን ስትጥሉት ሌላ ካርታ ታገኛላችሁ። እነዚህን ዋሻዎች አንድ በአንድ ቁጭ ብሎ የነደፋቸው ሰው የለም። ካርታው በውስጡ የያዘው ጥቂት ቁጥሮችን ነው። ጌሙ ከነዚያ ቁጥሮች ተነስቶ ስንት ፎቅ እንዳለው፣ ምን ጭራቅ እንደሚኖርበት፣ ሣጥኖቹ የት እንደሚቀመጡ ያሰላል። ያው ቁጥር በማንኛውም ዲኤስ ላይ ያንኑ ዋሻ ይሠራል። ስለዚህ ኦሳካ ውስጥ የተገኘ ካርታ ሳፖሮ ሲደርስ ዋሻው አልተለወጠም። ቁጥሮቹ ጥቂት ስለሆኑም ሁለት ሰዎች እስኪተላለፉ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሻገራሉ።

ሌላም ነገር አለ። ካርታው ላይ መጀመሪያ ያገኘው ሰው ስም ተጽፎ ይቀራል። ካርታው መቶ እጅ ቢያልፍም ስሙ አይጠፋም።

እንዲህ በስሌት የሚወለድ ነገር አልፎ አልፎ ማንም ያላሰበውን ያወጣል። ጃፓን ውስጥ ማሳዩኪ በሚል የጌም ስም የሚጫወት ሰው ያገኘው ካርታ እንዲህ ሆነ። የካርታው ሌቭል 87 ነው። 15ኛው ፎቅ ላይ ሜታል ኪንግ ስላይም ብቻ ነው ያለው። ይህ ጭራቅ በተከታታዩ ውስጥ በጣም የሚፈለግ ነው። ቆዳው ብረት ስለሆነ መምታት ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜም ገና ሳይነካ ይሸሻል። ከገደላችሁት ግን የሚሰጠው የልምድ ነጥብ ሌቭላችሁን ያስወነጭፈዋል። ሌላ ቦታ ስታገኙት ዕድለኛ ነኝ የምትሉት ጭራቅ፣ እዚያ ፎቅ ላይ በየማዕዘኑ ይዞራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። "የማሳዩኪ ካርታ" ከእጅ ወደ እጅ አገሩን ዞረ። አኪሃባራ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ውስጥ ዮዶባሺ ካሜራ የሚባለው ትልቅ መደብር አጠገብ ሰው ዲኤሱን ይዞ እየመጣ ይሰበሰብ ጀመር። ቦታው በጌሙ ውስጥ ባለው መጠጥ ቤት ስም እስከመጠራት ደረሰ። ከኦፊስ የወጣ ጎልማሳና ተማሪ ጎን ለጎን ቆመው ካርታ ይጠብቃሉ። "የካዋሳኪ ሎከር ካርታ" የሚባልም አለ፤ ስሙን ያገኘው አግኚው ዲኤሱን ካዋሳኪ ጣቢያ ሎከር ውስጥ አስቀምጦ ለአላፊ አግዳሚው እንዲታደል በማድረጉ ነው። ጃፓን ውስጥ በዚህ መንገድ የተቆጠረው ግንኙነት ከ100 ሚሊዮን አልፎ የጊነስ መዝገብ ውስጥ ገባ።

እኛ አገር ኢንተርኔት ውድ በነበረበት ጊዜ ዘፈኑ ሁሉ በብሉቱዝና በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር እንደነበረው አስቡት። ጥሩ ነገር ያለው ሰው ይሰጣል፣ የተቀበለው ደግሞ ለቀጣዩ ያሻግራል። የማሳዩኪን ካርታ ማንም ኩባንያ አላሰራጨውም። ሰው ነው በእግሩ ያዳረሰው።

አሁን ወደ 4 ሚሊዮኑ ልመለስ። ታግ ሞድ የሚሠራው ሰው ሰውን ሲያልፍ ብቻ ነው። የጃፓን ትልልቅ ከተሞች ሕዝብ በባቡር ነው የሚንቀሳቀሰው። በአንድ ጣቢያ በጠዋቱ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፣ ከዚያ ውስጥ ጌሙን ቦርሳው ውስጥ የያዘ አይጠፋም። አሜሪካ የገባው ጌም ያው ነው፣ ሞዱም ያው ነው። ግን አብዛኛው ሰው ብቻውን መኪና ውስጥ ሆኖ በሚሄድበት ከተማ ዲኤሱ ማንን ያገኛል? ከጃፓን ውጪ ያለን ደጋፊዎች እንግዳ የምናገኘው የጌምና የኮሚክ አፍቃሪዎች ትልልቅ ዝግጅት ላይ ወይም ከጓደኛ ጋር ተቀጣጥረን ነበር። ሆቴሉን መሙላት ዓመታት የፈጀበት ሰው አለ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስለ ድራጎን ኩዌስት 9 ሲከራከሩ መጀመሪያ የት ሆነው እንደተጫወቱት መጠየቅ ጥሩ ነው። አንዱ የሚያወራው ሌላው ያላየውን ጌም ሊሆን ይችላል።

የአራት ሰዎቹን መልቲፕሌየር በተመለከተ አጠር ላድርገው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ዲኤስና የራሱ ካሴት ይዞ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ከአራቱ የአንዱ ዓለም ይከፈታል፣ ሌሎቹ ይገቡበታል። አብሮ መዋጋትም፣ ተበታትኖ እንደ ልብ መዞርም ይቻላል። ያገኛችሁት ልምድና ዕቃ የእናንተው ነው። ታሪኩ ግን ወደ ፊት የሚሄደው ለባለቤቱ ብቻ ነው። ጓደኛችሁን ረድታችሁ ትልቁን ቦስ ገድላችሁ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ያው ቦስ በእናንተ ካሴት ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። በኦንላይን ከሩቅ ሰው ጋር መጫወት አይቻልም። ሴቭ ማድረጊያውም አንድ ብቻ ስለሆነ ወንድምና እህት አንድ ካሴት መጋራት አይችሉም። በዚህ በኩል ጌሙን አልከላከልለትም፤ ለቤተሰብ የሚሆን ጌም ተሠርቶ ለቤተሰብ በሩ ተዘግቷል።

ታሪኩ ግን ከታግ ሞድ ጋር የሚገርም ዝምድና አለው። ጀግናው ጠባቂ መልአክ ነው። ሰዎች አያዩትም። መንደራቸውን ይጠብቃል፣ እነሱም ያላዩትን ያመሰግናሉ፣ ያ ምስጋና ደግሞ የሚሰበሰብ ነገር ነው። በኋላ ከሰማይ ወድቆ ክንፉን ሲያጣ እንኳ ሥራው አይቀየርም። ኮፊንዌል በምትባል ከተማ ወረርሽኝ ገብቶ አንድ ምሁር ወረርሽኙን የሚያቆምበትን መንገድ ሲፈልግ፣ ሚስቱ ሳይደርስላት ትሞትበታለች። ከዚያ በኋላ የእሷ መንፈስ ከበሽታው ወደ ዳኑት ሰዎች ቤት እንዲሄድ ታደርገዋለች። ይህን ክፍል የተጫወተ ሰው አይረሳውም። የማይታይ ሰው ለማያውቀው ሰው ደግ የሚያደርግበት ታሪክ ነው። ታግ ሞድ ላይ ምርጥ ካርታውን መርጦ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ የሚወጣው ተጫዋችም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ሐሳቡን ድራጎን ኩዌስት 9 አልፈለሰፈውም። ኒንቴንዶግስ የሚባለው የውሻ ማሳደጊያ ጌም በ2005 ተጫዋቾች ሲተላለፉ ውሾቻቸው እንዲገናኙ ያደርግ ነበር። ይህ ጌም ያደረገው ሕዝብ ሁሉ እንዲፈልገው ማድረግ ነው። በ2011 የወጣው የዲኤስ ተተኪ ኮንሶል፣ 3ዲኤስ፣ ከጅምሩ ተመሳሳይ ነገር ይዞ መጣ። ሌላ ጌም እየተጫወታችሁም ከጀርባ ይሠራ ስለነበር በቴክኒክ በጣም የተሻለ ነበር። ሆኖም አንድ ካርታ አገር ሲያዳርስ ዳግም አላየሁም።

የድራጎን ኩዌስት 9 የኦንላይን ሱቅ ኒንቴንዶ የድሮውን የዋይፋይ አገልግሎት ሜይ 20 ቀን 2014 ሲዘጋ አብሮ ተዘግቷል። ታግ ሞድ ግን ሰርቨር ስለማይፈልግ ዛሬም ይሠራል። ሁለት ዲኤስና ሁለት ካሴት ካሉ በቂ ነው። በ3ዲኤስም ካሴቱ ይጫወታል።

ዛሬ ጀምሩት ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ ጀምሩት። ብቻችሁንም ቢሆን ሙሉ ጌም ነው። ያገለገለ ካሴት ከገዛችሁ ግን የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ሴቩ አንድ ስለሆነ አዲስ ለመጀመር የድሮውን ማጥፋት ግድ ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት ክፈቱትና ካርታዎቹን እዩ። እስከ 99 ካርታ ይይዛል፣ እያንዳንዱ ላይ የአግኚው ስም አለ። ሁለተኛ ዲኤስና ካሴት ያለው ጓደኛ ካላችሁ ጥሩ ጥሩዎቹን መጀመሪያ ወደ እሱ አሻግሩ፣ ከዚያ አጥፉ። አዲሱ ጌማችሁ ስቶርንዌይ ሲደርስ ጓደኛችሁ በታግ ሞድ መልሶ ያመጣላችኋል።